ፈትል ይዞ ወደ ዶርዜ

ሐሙስ፣ ሽሮ ሜዳ

ሽሮ ሜዳ በጠዋት ነው የሚኬደው። ረፋድ ካለፈ ከእንጦጦ የሚወርደው ሚኒባስ፣ ለሠርግ የሚሸምተው ቤተሰብ፣ «ግቡ፣ ማየት በነፃ ነው» የሚለው ልጅ ተደማምሮ ከልብሱ ይልቅ ሰዉ ይበዛል። በጠዋት ግን ባለሱቆቹ ገና ቀሚሱን እየሰቀሉ፣ ነጠላውን እየዘረጉ ስለሆነ እንደ ልብ መዳበስ ይቻላል። ዘንድሮ ደግሞ ሳይዳብሱ መግዛት አይሆንም። ከተሰቀለው ብዙው የማሽን ሥራ ነው። ከሩቅ ጥለቱ አንድ ነው፣ ቀለሙም ያው። ቀረብ ብለው ሲያስተውሉት ግን የእጁ ሥራ ላይ አንዱ መስቀል ከጎኑ ካለው በአንድ ክር ይበልጣል፣ ወይ ያንሳል። የማሽኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልክክ ነው። እኔ እንዲያውም የምመርጥበት ምልክት ያ አለመመጣጠን ነው።

ዛሬ ግን ለመግዛት አልመጣሁም። በፌስታል የያዝኩት እናቴ የፈተለችው ክር ነው። እህቴ ቨርጂኒያ ወልዳለች፣ የመጀመሪያዋ ነው። እናቴ ወሬውን የሰማች ዕለት «ይህ ልጅ ጋቢ ያስፈልገዋል» አለች፤ እህቴ በስልክ «እማዬ፣ እዚህ ቤቱ ማሞቂያ አለው» ብትላት «ማሞቂያ ይታቀፋል እንዴ?» ብላ ዘጋቻት። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ፈተለች። ጥጡን ከመርካቶ አስገዛች፣ ፍሬውን በመዳመጫ አወጣች፣ ነደፈች፣ ባዘቶውን በትልቅ ሰፌድ ደርድራ ማታ ማታ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ፈተግ እያደረገች ቴሌቪዥን ታያለች። እንዝርቱ ሲሞላ ልቃቂት ታደርገዋለች። ከሶፋው ሥር የተደበቁትን ልቃቂቶች ድመቷ ጭምር ታውቃቸዋለች።

ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሸማኔዎቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ከተው በሚሠሩበት ግቢ፣ ለቤታችን ከዚህ በፊት የሠራ ልጅ አለ። ልጅ የምለው ከልማድ ነው እንጂ የልጆች አባት ነው። ክሩን ከፌስታሉ አውጥቶ በሁለት ጣቱ መካከል ሳብ አደረገውና «ይሄ የእናት ፈትል ነው» አለ። ለገበያ የምትፈትል ሴት እንዲህ እኩል አታወርደውም፤ ጊዜ የላትም።

ችግሩ እናቴ አግድም የሚገባውን ክር፣ ማጉን ብቻ አይደለም የፈተለችው። በቁመት የሚወጠረውን፣ ድሩንም ፈትላለች። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በእጅ የተፈተለ ድር የሚዘረጋ ሸማኔ እምብዛም አይገኝም፤ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው የሚሆነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ድር ተወጥሮ ስለሚሠራበት የእጅ ክር ይበጠሳል፣ በተበጠሰ ቁጥር ይቆማል፣ በሜትር የሚከፈለው ሰው ደግሞ መቆም አይችልም። እናቴ ግን «የፋብሪካ ክር እንዳታስገባብኝ» ብላ አስጠንቅቃኛለች።

«እንግዲያው አባቴ ጋ ነው የምትሄደው» አለኝ። «ዶርዜ። እሱ ድሩን ያደራልሃል። እኔ ብሠራው አበላሽብሃለሁ።»

እሱ ራሱ አዲስ አበባ ሲመጣ ስንት ዓመቱ እንደነበር ጠየቅሁት። «ጥርሴ ሲነቃነቅ» አለኝና ሳቀ። አንድ ዘመዱ አመጣው፤ መጀመሪያ ክር በቀሰም ላይ ማጠንጠን፣ ቀጥሎ ጠርዝ መያዝ፣ ከዚያ ጉድጓድ መውረድ። እንዲህ ከጋሞ ደጋ እየመጡ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ ያደጉ ልጆች ነገር ድብቅ አይደለም። የአገር ልብስ ላይ ስላለው ፍቅር ሲወራ ይሄም አብሮ ቢነሳ ደስ ይለኛል። በእጅ የተሠራ ሁሉ በፍቅር አልተሠራም፤ ያለውድ የተሠራ ጥበብም አምሮ ይወጣል።

ዓርብ፣ መንገድ

በሌሊት ተነሥተን በቡታጅራ፣ በሆሳዕና፣ በወላይታ ሶዶ አድርገን አርባ ምንጭ። ወደ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ቡታጅራ ላይ ቁርስ፣ ሶዶ ላይ ምሳ፣ ከሶዶ በኋላ ሙቀቱ በመስኮት ይገባል፣ የአባያ ሐይቅ ቀይ ዳማ ሆኖ በግራ በኩል ይታያል።

ፌስታሉን ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ከሆሳዕና እስከ ሶዶ ዝም ብለው ቆይተው በመጨረሻ አላስቻላቸውም፤ «ልጄ፣ ልየው» አሉኝ። አንዱን ልቃቂት መዳፋቸው ላይ አንከባለሉት። «ለማን ነው?» ነገርኳቸው። «አሜሪካ?» አሉና ክሩን መለሱልኝ። ጥቂት ቆይተው «እዚያ የሚያጥበው ሰው በሙቅ ውኃ እንዳያጥበው ንገራት» አሉ።

ማታ አርባ ምንጭ ላይ የጫሞ አሳ በላሁ። ሌላ ምንም አልሠራሁም።

ቅዳሜ፣ ጨንቻ ገበያ

ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ሌላ አገር ነው። ታች 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ሙዝና ማንጎ ጥለህ ትነሣለህ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል፣ ላይ ወደ 2,700 ሜትር ስትደርስ ጉም ነው፣ እንሰት ነው፣ ቀርከሃ ነው፣ ጋቢ ነው። በየመታጠፊያው ሕፃናት መኪና ሲያዩ እየተሽከረከሩ ይጨፍራሉ፤ ሳንቲም ለማግኘት ነው። አንዱ ልጅ ግን አልጨፈረም። ከዘይት ጄሪካን የቆረጠውን መኪና በገመድ እየጎተተ ነበር። ጎማው ቆርኪ፣ አክስሉ የቀርከሃ ስንጥር ነው። ሾፌራችን ቆሞ ልጁን «ስንት ነው?» አለው ለቀልድ። ልጁ መኪናውን ወደ ኋላው ደበቀ። ሌሎቹ የሚሸጡትን ይዘው ሲሮጡ እሱ የማይሸጠውን ይዞ ወደ ቤቱ ሮጠ።

የጨንቻ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው፣ የዶርዜው ሰኞና ሐሙስ። የጨንቻው ቁልቁል ሜዳ ላይ ይቆማል። ነጭ ጋቢ የደረበ ሰው ሜዳውን ሞልቶታል፤ አልፎ አልፎ ዱንጉዛ የለበሰ ይታያል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፤ ያቺ የጋሞ ቀለም ነች። ከተማ ውስጥ ዱንጉዛን በሸሚዝ፣ በቦርሳ፣ በኮፍያ እናያታለን። እዚህ ግን ሽማግሌ ለብሷት በግ ሲያሻሽጥ ነው ያየሁት። የሚያምረውም እንዲያ ነው።

ጥጥ የሚሸጡት በአንድ ወገን፣ ፈትል የሚሸጡት በሌላ። ሴቶቹ ያመጡትን ልቃቂት በሸማኔዎቹ ፊት ይዘረጋሉ፤ ሸማኔው ይጎትታል፣ ያሸታል፣ ይሰድባል፣ ይገዛል። በዶርዜ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሠራል። ሴቷ ያለ እሱ ልብስ የላትም፤ እሱም ያለ እሷ ሥራ የለውም። ይህን ሲሰሙ «እንዴት ደስ ይላል» የሚሉ አሉ። እኔም ብያለሁ። ግን እሱ በቀን ብርሃን ይሠራል፣ እሷ እንሰት ፍቃ፣ ውኃ ቀድታ፣ ልጅ አስተኝታ ነው እንዝርት የምታነሣው።

ከሁሉ ብዙ የቆየሁት ሸክላ ሠሪዎቹ ዘንድ ነው። ከገበያው ዳር፣ ለብቻቸው። ጀበና፣ ምጣድ፣ ድስት፣ ትልልቅ ማሰሮ ሣር ላይ ተደርድሯል። አንዲት ጎልማሳ ሴት ገዢ ሲመጣ ድስቱን ከሥሩ ይዛ በጣቷ ጥፍር ነካ ታደርገዋለች። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው። ከደነቆረ ስንጥቅ አለበት ማለት ነውና ወደ ኋላዋ ታደርገዋለች እንጂ አትሸጠውም። ያለ ምንም መዘውር፣ በእጅ ነው ሠርተው በሜዳ እሳት የሚተኩሱት። አንደኛው ጀበና አንገቱ ላይ ጥፍር በሚያህል ጭረት ዙሪያውን የስንዴ ዘለላ ተሠርቶበታል። ሌሎቹ ላይ የለም። ለምን በዚህ ብቻ አልኩ በአስተርጓሚ። «ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። ምን እንዳስደሰታት አልነገረችኝም፣ አልጠየቅሁም። ዋጋው ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው።

እነዚህ ሴቶች በጋሞ ደጋ ማና የሚባሉት ናቸው፣ ቆዳ የሚፍቁት ደግሞ ደጋላ። ከደጋላዎቹ መካከል ቆዳ በባልጩት ድንጋይ የሚፍቁ እስከ ቅርብ ዘመን ነበሩ፤ አጥኚዎች ከሩቅ አገር ሊያዩት ይመጡ ነበር። ጎረቤት ግን ሲንቃቸው ኖሯል፤ መሬት ሲነፍጋቸው፣ ጋብቻ ሲከለክላቸው። የሠርግ ወጥ የሚሠራበትን ድስት የምትሠራ ሴት ልጇን ለዚያ ቤት መዳር አትችልም ነበር። ዛሬ ሕጉ ሌላ ነው፤ ልማዱ ግን ገበያው ላይ የተቀመጡበትን ቦታ በማየት ብቻ ይታወቃል። ጀበናውን ገዛሁት።

እሁድ፣ ዶርዜ

የሸማኔው አባት ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ ግቢው ውስጥ ጠበቅኩ። «ሳሮ» አልኳቸው፤ ያቺን አንዲት ቃል በመንገድ ላይ አጥንቻለሁ። በአማርኛ መለሱልኝ፤ በንጉሡ ዘመን ጉለሌ ሠርተዋል።

የዶርዜ ቤት የዝሆን ፊት ነው ይባላል። ከፊት ለፊት የወጣችው መግቢያ ኩምቢው፣ ከላይ ያሉት ሁለት የጭስ መውጫዎች ዓይኖቹ ናቸው። ከቀርከሃ ይጠለፋል፤ ሲጠለፍ ደግሞ ከሥር ጀምሮ እንደ ትልቅ ቅርጫት ነው የሚያድገው፣ እስከ 12 ሜትር ይቆማል። ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየዓመቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የቤቱ ቁመት ዕድሜውን ይናገራል። የእኚህ አባት ቤት በር ጎንበስ ብሎ መግባትን አልፎ መንበርከክን ይጠይቃል። «አባቴ ሲሠራው ቆሜ እገባ ነበር» አሉ። «ልጅ ስለነበርኩ ይሆናል» ብለው ጨመሩ፣ በራሳቸው ሳቁ።

ባለቤታቸው ከእንሰቱ ሥር የተቀበረውን ቆጮ አውጥተው በኮባ ጠቅልለው ጋገሩ፤ በዳጣና በማር በላን። ዳጣው ያስለቅሳል። ከዚያ ክሩ ቀረበ። አባባ ወደ ደጅ ይዘውት ወጡ፣ ልቃቂቶቹን አንድ በአንድ እየፈቱ ወደ ፀሐይ አነሡ። እማማ ደግሞ ከጎን ሆነው በጥርጣሬ ያያሉ። ሌላ ሴት የፈተለችውን ማየት ለፈታይ ትልቅ ፈተና ነው መሰለኝ። በመጨረሻ እማማ «ጥሩ ነው» አሉ፣ «ትንሽ ጠምዘዝ አብዝታበታለች» የምትልም ጨመሩ። አባባ ግን ለድር ጠምዘዝ ማለቱ ይሻላል፣ ይይዛል አሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ በዶርዝኛ ጥቂት ተከራከሩ።

በዚህ መካከል ነው እማማ የደረቡትን ነጠላ ያስተዋልኩት። ታጥቦ ታጥቦ ሳስቷል፤ ጥለቱ ግን ሽሮ ሜዳ ውስጥ አይቼው የማላውቀው ነው። አረንጓዴና ቡና ዓይነት፣ ደረጃ ደረጃ እየሆነ የሚወጣ፣ ጫፉ ላይ የሚሰበር። ልይልዎ ብዬ ስገልጠው ከውስጥ በኩል፣ ሲደረብ በማይታየው ጠርዝ ላይ፣ ሁለት ጣት የምታህል የዱንጉዛ ቀለም ገብታለች። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ሌላ ቦታ የለችም።

«ይቺ ምንድን ነች?»

እማማ ነጠላውን ሰብሰብ አደረጉት። አባባ ናቸው የመለሱት፣ የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ የሠራሁላት ነው ብለው። መስቀል ሊደርስ ሲል ከአዲስ አበባ ይዘውት ገቡ። የጋሞ ሸማኔ የትም ይሁን የት ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ሽሮ ሜዳ ያን ሰሞን ጉድጓዱ ሁሉ ባዶ ነው። «ዮ መስቀላ» እየተባለ፣ በዓመቱ የተጋቡ ሙሽሮች አምረው ገበያ ሲወጡ፣ እማማ ይህን ደርበው ወጡ።

«ሌላ ሰው እንዲህ ያለ አዝዞዎት አያውቅም?»

«ብዙ ሰው አዞኛል» አሉ አባባ።

«ሠሩላቸው?»

«ረስቼዋለሁ እላለሁ።»

«ከውስጥ በኩል ያለችውስ ለምን ከላይ አልሆነችም?»

አሁን የመለሱት እማማ ናቸው። «ለእኔ ነዋ» አሉ፣ የማይጠየቅ ነገር እንደ ጠየቅኩ ሁሉ።

የጎረቤት ሴቶች ማታ ለቡና መጡ። እጃቸው ላይ እንዝርት ያልያዘች አንዲት ብቻ ነበረች፣ እሷም የምታቀርበው ስኒ ስለያዘች ነው። እየፈተሉ ያወራሉ፣ እያወሩ ይስቃሉ፣ አንዷ ስትስቅ ክሯ ተበጠሰባትና ሁሉም እንደገና ሳቁ።

ሰኞ፣ ጉድጓዱ

ጥቅምት ነውና ማለዳው ይቆነጥጣል። አባባ ድሩን ማድራት የጀመሩት ፀሐይ ሳትወጣ ነው። በግቢው ርዝመት እንጨት ተተክሏል፤ የልጅ ልጃቸው ክሩን ይዞ ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው ይመላለሳል፣ ዶሮዎቹ ከሥር ከሥሩ ይከተሉታል። እማማ በቀጭኑ የፈላ የዱቄት ሙቅ አመጡ። የእጅ ድር ያለዚያ አይሆንም፤ ክሩ ሙቁን ጠጥቶ ሲደርቅ ጠንከር ይላል፣ ውጥረቱን ይችላል፣ ልብሱ ከታጠበ በኋላ ደግሞ ይለቅና ይለሰልሳል። ይህን ሁሉ ሲሠሩ ማንም ለማንም «እንዲህ አድርግ» አላለም። ሦስቱም ግቢ ውስጥ ሲተላለፉ ክሩን አይነኩትም፣ እኔ ግን በዞርኩ ቁጥር «ቀስ!» ይባላል።

ረፋዱ ላይ ጉድጓዱ ውስጥ ወረዱ። የሸማኔ ጉድጓድ ጥልቅ አይደለም፤ ዳሩ ላይ ተቀምጠው እግራቸው ከታች መርገጫውን ይይዛል። አንዱን እግር ሲጫኑ የድሩ ግማሽ ይነሣል፣ በመካከል በተከፈተችው መንገድ መወርወሪያው ይሄዳል፣ ሌላኛው እጅ ይቀበለዋል፣ መምቻው ወደ ደረት ይሳባል። ከዚያ ሌላኛው እግር። በጣም ፈጣን ነው ብዬ ነበር የምጠብቀው፤ አልነበረም። ሽሮ ሜዳ ያለው ልጃቸው በእጥፍ ይፈጥናል። እሳቸው በየጥቂቱ ቆም ይሉና በመዳፋቸው ልብሱን ይዳብሱታል።

«እዚህ ላይ ደክሟት ነበር» አሉ ድንገት።

መጀመሪያ ስለ ማን እንደሚያወሩ አልገባኝም። ማጉ ላይ ነው ጣታቸው፤ ክሩ ወፈር ብሎ ይሄድና መልሶ ይቀጥናል። የደከመ እጅ ባዘቶውን እኩል አይለቅም። ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ «እዚህ ላይ ቸኩላለች» አሉ። እኔ ጠጋ ብዬ አየሁ፤ ለእኔ ሁሉም ነጭ ነው።

ድሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰ። ሁለቱንም ጊዜ አባባ ምንም ሳይበሳጩ ጫፍና ጫፉን በምራቅ አርሰው በጣታቸው አሽተው አጋጠሙት፤ ቋጠሮ እንኳ የለውም። ያን ማየት ብቻውን መንገዱን ይክሳል። የተበጠሰው ክር ከጎረቤቶቹ መካከል የት እንደ ነበር በዓይን አይለይም፤ በጣት ጫፍ ይፈልጉታል፣ ያገኙታል፣ መንገዱን ያስይዙታል፣ ሳብ አድርገው ይለቁታል። ቀና ብለው አያዩም፣ ወሬያቸውንም አያቋርጡም።

ለእናቴ ደወልኩ። እሷ የጠየቀችው ስለ ጉዞዬ አይደለም።

«ድሩ ተበጠሰ?»

«ሁለቴ።»

«ከየትኛው ልቃቂት?»

«እማዬ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?»

«መብራት የጠፋ ዕለት የፈተልኩት ይሆናል። ንገራቸው፣ በሻማ ነው።»

ነገርኳቸው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አዎ፣ እንደሱ ነው የሚል ዓይነት።

ከሰዓት በኋላ የቀረውን ማግ በእጃቸው መዘኑና «አይበቃም» አሉ። ጋቢ ብዙ ይበላል፤ ነጠላ ሁለት ድርብ ሲሆን ጋቢ አራት ነው፣ እናቴ ደግሞ «ልጁ ሲያድግም ይልበሰው» ብላ የትልቅ ሰው ነው ያዘዘችው። ምን ይሻላል ስንል እማማ ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ፣ በኮባ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። የራሳቸው ፈትል ነው። ከእናቴ ክር ጎን አድርገው አስተያዩት፣ ቅጥነቱ ተቀራረበ። ለገበያ ያስቀመጡት መስሎኝ ዋጋውን ጠየቅሁ። «ለሕፃን ነው ብለህ አልነበር?» አሉኝና የክሩን ጫፍ ለልጅ ልጃቸው ሰጡት። እሱ ቀሰም ላይ ማጠንጠን ጀመረ፣ ጉዳዩም በዚያው ተዘጋ።

ማክሰኞ፣ ኮንሶ

አባባ ሲሠሩ ከራሳቸው በላይ ቆሞ መዋል አሳፋሪ ስለሆነ ወደ ኮንሶ ወረድኩ። በድንጋይ የተካቡት እርከኖች በዩኔስኮ የተመዘገቡት በ2011 ነው በፈረንጁ፤ ፎቶግራፋቸውን ያላየ ሰው የለም፣ ስለዚህ አልፈዋለሁ። እኔ ልይ ብዬ የሄድኩት ዋካዎቹን ነው።

ዋካ ለሞተ ጀግና የሚቀረጽ የእንጨት ሐውልት ነው። ሰውየው መካከል ይቆማል፣ ሚስቶቹ በጎንና በጎን፣ የገደላቸው ጠላቶችና አውሬዎችም አብረው ይቆማሉ። ሚስቶቹ በአንገት ጌጣቸው ይታወቃሉ። አንዷ ሚስት ፊቷ ከሌሎቹ ተለይቶ ጉንጯ ሞላ ብሎ ተቀርጿል፤ ቀራጩ በሕይወት ሳለች ያውቃት ነበር ብዬ ጠረጠርኩ። ብዙ ዋካዎች ከቆሙበት ተሰርቀው ተሸጠዋል። ከተያዙት የተወሰኑት ካራት ከተማ ያለው ሙዚየም ውስጥ ናቸው፤ ያየኋቸው እዚያ ነው። በመስታወትና በግድግዳ መካከል የቆመ የሰው ሐዘን ማየት ምቾት አይሰጥም። ለአንድ ሰው መቃብር የተሠራ ነገር ሳሎን ውስጥ ጌጥ ሲሆን ምን ይቀረዋል? እንጨቱ ይቀረዋል።

ከዚህ በኋላ የእማማ ነጠላ ትዝ አለኝ፤ አባባ «ረስቼዋለሁ» ያሉት ውሸት ደግሞ ይበልጥ ገባኝ። ጎበዝ እጅ ሁሉ የሚሸጠውን ይሠራል፤ ልጅ ያሳድጋል፣ ግብር ይከፍላል፣ የሚያስነውር ነገር የለበትም። ግን ያየሁት ምርጥ ሥራ ሁሉ ለአንድ ሰው ተሠርቶ እዚያው የቀረ ነው። ሱቅ ዞሮ ስለ አንድ አገር እጅ መፍረድ የሚቸግረውም ለዚህ ነው፤ ጥሩው ቤት ውስጥ ነው ያለው፣ ተደርቦ፣ ከውስጥ በኩል።

ረቡዕ፣ መመለስ

ጋቢው አላለቀም፤ ያልቃል ብዬም አልጠበቅኩም። ሁለት ስፋት ተሠርቶ፣ ተጋጥሞ ተሰፍቶ፣ ጠርዙ ላይ ጥለት ይገባል። ጥለቱን ምን እናድርገው ሲባል ጉዳዩ በስልክ ለእናቴ፣ ከእናቴ ለእህቴ ደረሰ። እህቴ «ቀለል ያለ ይሁን፣ ከሁሉ ነገር ጋር እንዲሄድ» አለች። እናቴ «ከምን ጋር ነው የሚሄደው? ጋቢ ነው» አለች። አባባ ሁለቱንም በትዕግሥት ሰምተው «እሺ» አሉ፤ እሺታቸው ግን ነጠላውን ለሚያዙዋቸው ደንበኞች የሚሰጡት ዓይነት ነው። የሚሠሩት የመሰላቸውን ነው። ሲያልቅ የልጅ ልጃቸው አዲስ አበባ ሲመጣ ይዞት ይመጣል፣ ከዚያ በሰው ወደ ቨርጂኒያ ይሄዳል።

የእማማን ክር ነገር ለእናቴ ለመንገር አርባ ምንጭ መናኸሪያ እስክደርስ ጊዜ ወሰድኩ። «የእኔ ብቻ ይሁን» ብላለችና እንዴት እንደምትቀበለው አላወቅሁም። ነገርኳት። ዝም አለች።

«ማን ፈተለችው?»

«ባለቤታቸው።»

«ስንት ተቀበለች?»

«እምቢ አለች። ለሕፃን ነው አለች።»

«ቅጥነቱስ?»

«እኩል ነው አሉ አባባ።» ስለ ጠምዘዙ የተባለውን አላነሣሁባትም።

«ልጆች አሏት? ስንት ናቸው? በርበሬ ይበላሉ?»

አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል እንደገና ደወለች። በርበሬው ዛሬውኑ ሊቀነጠስ ነው፤ የልጅ ልጃቸው ጋቢውን ይዞ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመለስም፤ እኔም አዲስ አበባ እንደገባሁ ቤት ከመሄዴ በፊት መርካቶ ወርጄ ኮረሪማና ሌላ ሁለት ኪሎ ጥጥ እንድገዛ ታዝዣለሁ። ጥጡ ለማን ነው ስላት ስልኩን ዘጋች።